ከዳሃቦ ሳህን ላይ የተፋቁት አምስት የሌሊት ወፎች

ክቡር ሙሴ ኮስታንዲ፣ ካቦ ወልደማርያም፣ የመጋዘናችን ሰዎች ሁሉ፣ ክቡራትና ክቡራን፤

አላህ ይስጥልኝ። ይህን ሁሉ ወንበር ደርድራችሁ፣ ሳምቡሳ ጠብሳችሁ፣ የሎሚ ጭማቂውን በበረዶ አቀዝቅዛችሁ፣ ቬንትሌተሩንም ወደ እኔ አዙራችሁ ስላከበራችሁኝ አመሰግናለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ስሠራ ቬንትሌተር ወደ እኔ ዞሮ አያውቅም። ቀለሙን ይበትንብኛል እያልኩ ራሴ ነበርኩ ፊቱን የማዞረው። ዛሬ የሚበተን ቀለም ስለሌለኝ ነፋሱን እየጠገብኩ ነው።

ለእጅ ሰዓቱም አመሰግናለሁ። ካቦ ወልደማርያም ሲያስርልኝ «ወርቅ ቅብ ነው፣ ኢስሃቅ፤ እስቲ እየው» አለኝ። እየው አለኝ እኮ። ለዓይነ ስውር ሰዓት የሚሸልም መሥሪያ ቤት ከድሬዳዋ በቀር የት ይገኛል? ሳቁ፣ ሳቁ፣ አልተቀየምኩም። ጆሮዬ ላይ ሳስጠጋው ይመታል። ጥሩ ሰዓት ነው።

አዲስ የገባችሁት ልጆች «ይሄ ሽማግሌ ጓዳው ውስጥ ምንድነው የሚሠራው?» ስትባባሉ ሰምቻለሁ። ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ ጡረታ አልወጣም። እንደምታዩት ቤቱ የቡናና የቆዳ ቤት ነው። ከኋላ ያለችው አንዲት ክፍል ግን የእኔ ነበረች። ሙሴ ኮስታንዲ ከሐረርም፣ ከጅጅጋም፣ ከዘይላ መንገድም የሚገዟቸው አሮጌ የቻይና ሳህኖች ተሰንጥቀው፣ ሥዕላቸው ተልጦ ይመጡልኛል። ስንጥቁን በነሐስ ሽቦ እሰፋለሁ፣ የተላጠውን ሥዕል እሞላለሁ። ከዚያ ከግድግዳዬ ማዶ ያለችው ዳሃቦ በጭድ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ታስተኛቸዋለች። በባቡር ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ባሕር ማዶ። አንድም የላክነው ሳህን ተሰብሮ ደረሰ ተብሎ አያውቅም፤ ይህ የዳሃቦ እጅ ነው።

እኔ የሐረር ልጅ ነኝ። የተወለድኩበት ቤት ግድግዳው ሙሉ ሳህን ነበር። ሕፃን ሆኜ ተንጋልዬ እነሱን ስቆጥር እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ሙያውን ያስተማረኝ ግን ሙሴ ካራፔት የሚባል አርመን ነው፣ አፈሩን ያቅልልለት። የመጀመሪያው ቀን ብሩሹን ስይዝ እጄን በማንኪያ መታኝ። «ይሄ ቀለም አይደለም፣ ብርጭቆ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ብርጭቆ ከማዕድን ጋር ይወቀጣል፣ በዘይት ይለወሳል፣ ሳህኑ ላይ ይቀባል፣ ከዚያ ትንሿ ምድጃ ውስጥ ይገባል። ቀዩ ከብረት ዝገት ነው፣ አረንጓዴው ከመዳብ ነው፣ ያቺ ሁሉም የሚወዳት ሮዝ ደግሞ፣ ብታምኑኝ፣ ከወርቅ ነው የምትወጣው። ስትቀባት ጭቃ ትመስላለች። እሳት ካላገኛት መልኳን አታሳይም።

ብርጭቆው ሲቀልጥ ከሳህኑ ገጽ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀራል። ጣትህን ስታሳልፍበት ያደናቅፍሃል። እኔም ያለፉትን ሁለት ዓመታት የኖርኩት በዚያች ከፍታ ነው። ሙሴ ኮስታንዲ፣ አሁን ከተሸኘሁ ወዲያ ልንገርዎት፤ አምና ወደ ማርሴይ የላክናቸው ሳህኖች ላይ ያሉትን ትልልቅ አበቦች የሳልኳቸው በጣቴ ነው። ገዢው አላማረረም አይደል? እንግዲያው ይቅር ይበሉኝ።

ዓይኔን የበላው ምድጃው ነው። ሙሴ ካራፔት «በቀዳዳው አትይ፣ አትይ» እያለ ሞተ። ግን ብርጭቆው መቅለጡን ሳታይ በምን ታውቃለህ? ትንሽ ከዘገየህ ሥዕሉ ይፈሳል። አየሁ፣ አየሁ፣ መጨረሻው ይኸው ሆነ። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ብርሃንና ጥላ ነው» ብሎኛል። አሁን ከፊቴ ያላችሁት ሁላችሁም ጥላ ናችሁ። ወልደማርያም ብቻ ወፍራም ጥላ ነው።

እሺ። ቀልዱ ይብቃን።

ወርቅዬ፣ ዳሃቦ ገብታለች? የት ጋ ነው የተቀመጠችው? ከኋላ፣ በሩ አጠገብ። ጥሩ። በሩ ክፍት ይሁን፤ ማንም እንዳይዘጋው። ዛሬ የምናገረው ለሁላችሁ ነው፣ ነገሩ ግን የሷ ነው። ሌሊቱን ሁሉ «ለብቻዋ ጠርተህ ንገራት» ስለው አደርኩ፣ ራሴን ማለቴ ነው። ስድስት ዓመት እንደዚያ ስለው ኖሬያለሁ። ከሷ ጋር ለብቻችን ስንሆን ምላሴ ይታሰራል። ሰው ፊት ካልሆነ እንደገና አመልጣለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ።

በ1952 ዓመተ ምሕረት፣ ዳሃቦ ልጇን ሃዎን ስትድር፣ አንድ ሳህን በሻሿ ጠቅልላ ወደ ጓዳዬ መጣች። የቤቱ ዕቃ አይደለም፣ የራሷ ነው። መልካ ጀብዱ መንደር የምትገባዋ ሙሽራ ግድግዳዋ ላይ የምትሰቅለው። ከአፉ እስከ ወገቡ ተሰንጥቋል። «ኢስሃቅ ወንድሜ፣ ስንጥቁን ብቻ ስፋልኝ። ሥዕሉን እንዳትነካብኝ» አለችኝ። እንዲህ ነው ያለችው፣ ቃል በቃል። አልረሳሁትም፣ ረስቼ አይደለም ያጠፋሁት።

ሳህኑን ወደ ብርሃን ሳዞረው ምን አየሁ? መሐሉ ላይ አንድ ኮክ፣ ዙሪያውን አምስት ቀያይ የሌሊት ወፎች። ክንፋቸውን ዘርግተው ኮኩን ከበውታል። ደነገጥኩ። ለሙሽራ ግድግዳ የሌሊት ወፍ? ወፎች ግብር ሲጠይቋት «አይጥ ነኝ» የምትል፣ አይጦች ሲጠይቋት «ወፍ ነኝ» የምትል፣ ከሁለት ያጣች ፍጥረት? ሃዎን በእጄ አቅፌያታለሁ፣ በዚህ ግቢ ጭድ ላይ ስትንከባለል ነው ያደገችው። አዲስ ቤት ገብታ ጠዋት ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ ይህን ትይ? «ዳሃቦ አላስተዋለችውም፤ ውለታ ልዋልላት» አልኩ። ውለታ።

እናም በብርጭቆ ወረቀት ፋቅኋቸው። አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። የጥንት ሰው ብርጭቆ እንደኛ አይደለም፣ በቀላሉ አይለቅም። ከዚያ በቦታቸው አምስት ርግቦች ሳልኩ። በሮዝ፣ በዚያች ከወርቅ በምትወጣው፤ ከቤቱ ዕቃ ሰርቄ። ሙሴ ኮስታንዲ፣ ይህንንም አልነገርኩዎትም። አተኮስኩት፣ ስንጥቁን ሰፋሁት፣ አምሮ አለቀ። ሳስረክባት የምትስቅ መስሎኝ ነበር። ሳህኑን አየች፣ አገላብጣ አየች። «ወፎቹስ?» አለችኝ።

«አባረርኳቸው» አልኳት።

በሕይወቴ ብዙ ቀልድ ተናግሬያለሁ። ያቺን አንዷን ግን ብውጣት ደስ ይለኝ ነበር። ዳሃቦ «ይሁን» አለች፣ ሳህኑን በሻሿ ጠቀለለች፣ ወደ ጭዷ ተመለሰች። ከግድግዳው ማዶ ስታለቅስ ሰማኋት። የደስታ ነው ብዬ እኔ እዚህ እፎክራለሁ።

በዓመቱ ወርቅዬ ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ወጥታ እዚህ ጸሐፊ ሆና ገባች። ሙሴ ካራፔት ሲሞት አንድ በፈረንሳይኛ የተጻፈ፣ የቻይናን ሥዕሎች የሚተረጉም መጽሐፍ ትቶልኝ ነበር። ማን ያነበዋል? ወርቅዬ በምሳ ሰዓት እያነበበች ትተረጉምልኝ ጀመር። ሮማን ማለት ብዙ ልጅ ነው። ሁለት ዳክዬ ማለት የማይለያዩ ባልና ሚስት ነው። ኮክ ማለት ረጅም ዕድሜ ነው። አንድ ቀን ገጽ ገለጠችና «ጋሼ፣ ይቺ የሌሊት ወፍ ናት» አለችኝ።

«እዚያስ ምንድነች?» አልኳት።

«በረከት» አለችኝ። «አምስት ሆነው ሲሳሉ ደግሞ ሰው የሚመረቅባቸው አምስቱ በረከቶች ናቸው። ዕድሜ፣ ሀብት፣ ጤና፣ መልካሙን መውደድ፣ አምስተኛው በጊዜው በአልጋው ላይ መሞት።»

ወርቅዬ፣ ያን ቀን ምሳዬን ትቼ ስወጣ «ሆድህን አመመህ ወይ?» ብለሽኝ ነበር። አዎ ብዬሻለሁ። ያመመኝ ይሄ ነው። ከሙሽራይቱ ግድግዳ ላይ አምስቱንም ምርቃት በብርጭቆ ወረቀት የፋቅሁት እኔ ነኝ። «ሰርቼ እመልሳቸዋለሁ» አልኩ። ዛሬ፣ ነገ፣ ከረመዳን በኋላ፣ ከዝናቡ በኋላ። ታውቁታላችሁ፣ እንዲህ ያለ ሥራ መቼም ቀኑ አይደርስም።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ በሳቅ ነበር የምሸኘው። ጥፋት ነው፣ ግን የእጅ ጥፋት ነው፤ እጅ ይሳሳታል። የምላሴ ጥፋት ገና ነው።

በ1954 ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ውስጥ፣ አንድ ወጣት ሶማሌ ባሕረኛ እዚህ መጣ። ሽርጥ ለብሶ፣ በብብቱ ጥቅል ይዞ። ሙሴ ኮስታንዲ ከእኔ ጋር ጓዳው ውስጥ ነበሩ። ጥቅሉን ፈታው። ያው ሳህን። መሐሉ ላይ ኮክ፣ ዙሪያውን አምስት ቀያይ የሌሊት ወፎች። አንድም አልተፋቀም።

«የዚህን መንታ አይታችኋል?» አለ።

ሙሴ ኮስታንዲ ወዲያው ወደ እኔ ዞሩ። ያስታውሳሉ አይደል? «ኢስሃቅ፣ በዚህ አገር ያለ ሳህን በእጅህ ሳያልፍ አይቀርም። አይተኸዋል?» አሉኝ። አየሁ ብል «የት ነው?» ሊሉኝ ነው። የት እንዳለ ብናገር ምን እንዳደረግሁት ልናገር ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ዕቃ አላበላሸሁም እያልኩ የምኮራ ሰው፣ ከቤቱ ወርቅ ሰርቄ፣ የሰው ቅርስ ፍቄ። በዓይናቸው ፊት ልወድቅ ነው። ስለዚህ አፌን ከፈትኩና «ወላሂ አላየሁም» አልኩ።

ማልኩ። ማንም ማል ሳይለኝ።

ልጁ ቁጭ አለና እስኪ ልንገራችሁ ብሎ ጀመረ። ስሙ አብሺር ነው። አያቱ፣ ዓዋሌ የሚባሉ የደወሌ ሰው፣ የእነዚህ ሳህኖች ባለቤት ነበሩ። ጣሊያን ሲገባ ቤተሰቡ ሲበታተን ሁለቱን ሴቶች ልጆቻቸውን ጠርተው ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ሳህን ሰጧቸው። «በዚህ ዘመን ሰው ስምሽን አጥንቶ ይመጣል፣ ወላሌ፣ ወንድምሽ ነኝ ይልሻል። ሳህኑን ያላሳየሽን እንዳታምኚ፤ አንቺም ሳታሳዪ እታመናለሁ አትበይ» አሏቸው። ትልቋ ባሕር ተሻግራ ዓደን ገባች። ትንሿ በባቡሩ መስመር ወደዚህ መጣች ይባላል። ትልቋ ሀሊሞ ትባላለች፤ አብሺር የሷ የበኩር ልጅ ነው። ትንሿን ፍለጋ ነው የመጣው። ስሟን ሲናገር ሙሴ ኮስታንዲ ሚዛን ቤት ተጠርተው ወጥተው ነበር፤ ዳሃቦ ዓዋሌ ትባላለች አለ።

ያን ጊዜ ዓይኔ ገና ያያል። ልጁን ቀና ብዬ አየሁት። አፍንጫው የዳሃቦ አፍንጫ ነው። ዳሃቦ ደግሞ ከግድግዳው ማዶ፣ ከዚህ እስከ ወንበሩ ድረስ በሚሆን ቦታ፣ ጭድ እየበተነች ነበር። ድምፁ ይሰማኛል።

ምን አደረግሁ? ምንም። ሙሴ ኮስታንዲ ፊት ምያለሁ። «መውጫ ሰዓት ሲደርስ ተከትዬው ሄጄ ለብቻው እነግረዋለሁ» አልኩ በልቤ። ልጁ «መጋላ ገበያ ስጠይቅ ዋልኩ፤ ዳሃቦ ስል ሃያ ሴት አቤት ትላለች። መርከቤ አይጠብቀኝም» አለ። ከዚያ ስስ ወረቀት ለመነኝና ሳህኑ ላይ አስደግፎ ወፎቹን በኮፒያ እርሳስ ገለበጣቸው። ከሥሩ በአረብኛ ጻፈ። «እነዚህን ወፎች ያሳየችህ ሴት ከመጣች ይህን ስጣት» ብሎ እጄ ላይ አስቀመጠው። ሙሴ ኮስታንዲ ወረቀቱንም አላዩትም፤ ከሚዛን ቤት ገና አልተመለሱም ነበር። ያኔ እንኳን መናገር እችል ነበር። ብቻዬን ነበርኩ ከልጁ ጋር።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለገሀር ሮጥኩ። ባቡሩ ሄዷል።

ካቦ፣ እጅጌዬን አትጎትት። አልጨረስኩም። ሙሴ ኮስታንዲ፣ እባክዎ ይቀመጡ፤ የወርቁን ነገር በኋላ ይጠይቁኛል።

ስድስት ዓመት ይህ ወረቀት በቀለም ሣጥኔ ውስጥ ተቀመጠ። ጠዋት ጠዋት ዳሃቦ «እንዴት አደርክ፣ ኢስሃቅ ወንድሜ» ትለኛለች። ዓይኔ መጥፋት ሲጀምር ከደጅ እስከ ጓዳ እጄን ይዛ የምታደርሰኝ ማን ነበረች? እሷ። በዚያ እጇ። እና እኔ ለራሴ ምን እለው ነበር መሰላችሁ? «ልጁ ወፎቹን ላሳየች ስጣት ብሏል፤ እሷ አላሳየችም» እል ነበር። ወፎቹን የፋቅሁት እኔ፣ ምልክት ጎደለሽ የምላት እኔ። ያ ጀማዓ፣ ወገኖቼ፣ ሰው ራሱን ሲያታልል እንዲህ ነው።

ሦስት ደብዳቤ ወደ ዓደን አስጽፌያለሁ፣ በሌላ ሰው እጅ፣ ምክንያቱን ሳልናገር። ሁለቱ መልስ የላቸውም። ሦስተኛው አምና ሳይከፈት ተመለሰ። ከዚያ የስዊዝ ካናል ተዘጋ፣ መርከብ ጠፋ። ባለፈው ኅዳር ደግሞ እንግሊዝ ዓደንን ለቆ ወጣ፣ እዚያ ያለው ተኩስ ነው ይላሉ፣ ሰዉ በጀልባ እየሸሸ ነው ይላሉ። በሩ ተከፍቶ በነበረበት ጊዜ ዝም አልኩ፤ አሁን ልናገር ስል ተዘጋ።

ባለፈው ወር ለመሰናበት ብዬ መልካ ጀብዱ ሃዎ ቤት ሄድኩ። ሳህኑን አውርጂልኝ አልኳት። በጣቴ ዳሰስኩት። ርግቦቼ አሉ፣ ወፈር ወፈር ያሉ ሞኞች። ግን ዳሃቦ ስሚኝ፤ ርግቦቹ ከወፎቹ ያንሳሉ። ከርግቦቹ ክንፍ ወጣ ብሎ፣ የተፋቀው ቦታ ሻካራ ሆኖ ቀርቷል። የሌሊት ወፎቹ ክንፍ ጫፍ ነው። አምስቱም ጋ አለ፣ ቆጥሬዋለሁ። ሳህኑን ወደ ብርሃን አዘንብሎ ለሚያይ ሰው ይታያል። ምልክትሽን ጨርሼ ማጥፋት እንኳን አልቻልኩም። ከሠራሁት ሁሉ ደስ ያለኝ ያ ያልተሳካልኝ ብቻ ነው።

ወረቀቱ ይኸው። ደረት ኪሴ ውስጥ ነው። ዓብዱልአዚዝ፣ አንተ አረብኛ ታነባለህ፤ ና፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብበው።

«ለዳሃቦ ዓዋሌ። ሀሊሞ አለች። ዓደን፣ መዓላ፣ ከወደቡ ጀርባ ካለው ዳቦ ቤት ጎን። ጠዋት ጠዋት ስምሽን ትጠራለች። አብሺር።»

ሰማችሁ። ይኼንን ነው ስድስት ዓመት የተቀመጥኩበት። ውሰድላት፣ ዓብዱልአዚዝ። ቀስ ብለህ፣ ወረቀቱ ስስ ነው።

ደረሰ? ወርቅዬ ንገሪኝ እንጂ፣ ጥላ ብቻ ነው የማየው። ተቀበለችው? ምን ታደርጋለች? በጣቷ እየዳሰሰችው ነው። አዎ፣ እርሳሱ ጠለቅ ብሏል፣ ይዳሰሳል። እኔም እንደዚያ ነው የማነበው።

ምን አለች? ዳሃቦ፣ ድምፅሽ አልደረሰኝም፣ ድገሚልኝ።

«ያን ጊዜ በሕይወት ነበረች ወይ» ነው የምትይኝ?

ነበረች። ወላሂ ነበረች፤ ይህ መሐላዬ እውነት ነው፣ ካመንሽኝ። ያን ጊዜ ነበረች። አሁን አላውቅም፣ እህቴ። ያን ጊዜ አንድ ቃል ብናገር በማግስቱ ባቡር ላይ ነበርሽ። አሁን ግን አላውቅም።

ይቅርታ አልልሽም። ይቅርታ ስልሽ «ምንም አይደለም» ለማለት ትገደጃለሽ፣ ጠባይሽን አውቀዋለሁ፣ ይሁን ማለት ልማድሽ ነው። ዛሬ ይሁን እንዳትይኝ።

ሙሴ ኮስታንዲ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሳገለግልዎ አንድም ነገር ለምኜዎት አላውቅም፤ የወሰድኩትንም ሳልለምን ነው የወሰድኩት። ዛሬ ልለምን። ጅቡቲ ያለው ወኪልዎ ከጀልባ ሰዎች ጋር ይተዋወቃል። ነገ ጠዋት አንድ ቴሌግራም ይምቱለት። ከዓደን ከሚሸሹት መሐል ሀሊሞ ዓዋሌ የምትባል ሴት፣ አምስት ቀያይ የሌሊት ወፎች ያሉበት ሳህን የያዘች፣ ብለው። እናንተም ዘመድ በዚያ ያላችሁ፣ ታጁራም፣ ዘይላም፣ በርበራም፣ ላኩ። ሳህኑን ጥቀሱ። ይህንን ሰዓት ፍቱልኝና ለዳሃቦ ስጧት። ካሳ አይደለም፣ ካሳ አይሆንም። ባቡር የምትጠብቅ ሴት ሰዓት ያስፈልጋታል፤ እኔ የምጠብቀው የለኝም።

እንግዲህ ወግ ነው፣ ተሰናባች ይመርቃል። መራቂው ማን እንደሆነ ሰምታችሁ አሜን ማለት ከከበዳችሁ ዝም በሉ። ምርቃቱ የእኔ አይደለም፣ የፋቅኋቸው ወፎች ነው። እዳዬን በአፌ ልመልስ፤ በእጄ አልሆነልኝም።

ዕድሜ ይስጣችሁ፤ የልጅ ልጆቻችሁ በዚህ ግቢ ጭድ ላይ ይንከባለሉ።

ሀብት ይስጣችሁ፤ ካናሉ ይከፈት፣ ሣጥኑ ይብዛ፣ የዚህ ቤት በር አይዘጋ።

ጤና ይስጣችሁ። ጓዳዬን የምትረከቡ ልጆች፣ በምድጃው ቀዳዳ አትዩ፤ ሥዕሉ ቢፈስም ይፍሰስ፣ ሌላ ይሳላል።

መልካሙን መውደድ ይስጣችሁ፤ እውነት ለመናገር የጡረታ ቀን የማያስጠብቅ ምላስ ይስጣችሁ። ውለታ ከመዋላችሁም በፊት ጠይቁ።

አምስተኛውንም ይስጣችሁ። በጊዜው፣ በገዛ አልጋችሁ፣ የሚወዳችሁ አጠገባችሁ እያለ ነፍሳችሁ ትውጣ። ይህቺን ለእኔ አትመኙልኝ። ለሀሊሞ ግን ለምኑላት፤ አምስተኛዋ ወፍ ገና እንዳትደርስባት፣ ትንሽ እንድትታገሳት፣ እህቷ መንገድ ላይ ናት በሏት።

ጨረስኩ። በሰላም ቆዩኝ።

ዓብዱልአዚዝ፣ እጄን ያዝልኝ። መውጫው በዳሃቦ በኩል ነው? ሌላ በር የለም?

እሺ፣ በዚያው ውሰደኝ። ቀስ በል። አጠገቧ ስንደርስ እጇን ዘርግታ እንደሆነ ንገረኝ። ካልዘረጋችም ንገረኝ።